የቃኚው ወንበር

በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መባቻ ወደ ሰማይ የወጡት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላኖች የተሠሩት ለመዋጋት ሳይሆን ለማየት ነበር። ክንፋቸው ድርብ፣ አጥንታቸው እንጨት፣ ቆዳቸው የተልባ እግር ጨርቅ ነው። ከሁለቱ ሰዎች አንዱ ያበርራል፤ ሌላው፣ ቃኚው፣ ካርታውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የጠላትን ምሽግ፣ የመድፍ ቦታና የባቡር እንቅስቃሴ በእርሳስ ይመዘግባል። ውሎ አድሮ በአውሮፕላኑ ጎን ካሜራ ተገጠመ። ከቀደምቶቹ በብዙዎቹ ላይ ቃኚው የሚቀመጠው ከፊት ነበር፤ ከሞተሩ ጀርባ፣ በላይኛውና በታችኛው ክንፍ መካከል፣ በድጋፍ እንጨትና በሽቦ ተከብቦ። የዶክትሬት ጽሑፌ ስለዚያ ወንበር ነው።

ክርክሬ አጭር ነው። ወንበሩ ከታችኛው ክንፍ በላይ ስለተሠራ አውሮፕላኑ ቀጥ ብሎ ሲበር ቃኚው ከበታቹ ያለውን መሬት አያይም። የሚያየው አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወንበር «አየሁ» ተብሎ የተጻፈ ሁሉ በማዘንበል ቅጽበት የታየ ነው፤ ዘገባዎቹም እንደዚያ ሊነበቡ ይገባል። ምዕራፉን ለኅትመት ስልከው አንድ ገምጋሚ ጸሐፊዋ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጣ አታውቅም ብሎ መለሰው። ገምጋሚውም ተቀምጦ አያውቅም። ይህን የማስረዳበት ቦታ ግን አልተሰጠኝም።

በየዓመቱ የሚታደስ የማስተማር ውል ነበረኝ፤ አንድ ዓመት ሳይታደስ ቀረ። ዛሬ በሚኒሶታ፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ካለው አፓርትመንቴ ሆኜ በስልክ ለሆስፒታሎች አስተረጉማለሁ። ስለ ኩላሊት የማውቀው አማርኛ ስለ ጦር አውሮፕላን ከማውቀው በልጧል።

ሃንጋር ወደሚባለው የአውሮፕላን ማቆሚያ ቤት የወሰደኝ በአንድ ቤተ መጻሕፍት የሰጠሁት ንግግር ነው። ወሩ ጥር ነበር፤ ከመጡት ጥቂት ሰዎች ግማሾቹ ለማሞቂያው የመጡ ይመስለኛል። አንድ ረጅም፣ ጡረታ የወጣ አብራሪ ግን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ የቃኚው ወንበር ትራስ ከምን ይሠራ እንደነበር ጠየቀኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዚያ በፊት ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሰውየው ከዌስት ሴንት ፖል ወዲያ፣ በሚሲሲፒ ወንዝ አጠገብ ባለ ትንሽ የአውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ የድሮ ንድፎችን እየተከተለ አንድ ባለ ሁለት መቀመጫ የቅኝት አውሮፕላን ከእንጨቱ ጀምሮ ይሠራ ነበር። ክንፉን የሚያለብሱ እጆች ያስፈልጉታል። በጦርነቱ ጊዜ ይህን ሥራ በብዛት የሠሩት ሴቶች ነበሩ፤ ጽፌበታለሁ። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመስፋት ሄድሁ።

ክንፍ የሚሰፋው ጥንድ ሆኖ ነው። ክንፉ በጠርዙ ቆሞ ይታሰራል፤ ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ረጅሙ መርፌ ሰም የተቀባውን ክር ይዞ ከአንደኛው ወገን ይገባል፤ ያኛው ተቀብሎ ከውስጠኛው እንጨት ማዶ ይመልሰዋል፤ ይቋጠራል፤ እንደገና ይገባል። የሚሰፉት ሰዎች አይተያዩም። እጅ ከእጅ የሚገናኘው በክሩ ብቻ ነው። ክር የመሳብ ጉልበት ከሰው ሰው ስለሚለያይም በሃንጋሩ አንድ ሕግ ነበር፦ ክንፍ የጀመሩ ጥንዶች ራሳቸው ይጨርሱታል።

የእኔ ጥንድ ጡረታ የወጣች ነርስ ነበረች። የታችኛውን የግራ ክንፍ ገና እንደጀመርን በረዶ አንሸራቷት የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ሕጉን ማፍረሷ ስላሳዘናት ምትክ ላከች፤ ወደ ሐኪም በቫን የሚያመላልሳትን ሾፌር። በአገሩ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር፣ እጁ አይንቀጠቀጥም፣ ደግሞም እንደ አንቺው ኢትዮጵያዊ ነው፣ መጨዋወት ይመቻችኋል አለችኝ በስልክ። በተከታዩ ቅዳሜ በሃንጋሩ በር የገባው የቀድሞ ባለቤቴ ነበር።

የተፋታነው በጨዋነት ነው፤ ማለትም ሳንነጋገር። ከዚያ በኋላ የተያየነው በልጃችን ምርቃትና በሁለት ለቅሶ ቤቶች ብቻ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ጃኬቱን ሳያወልቅ አየኝ።

«እንደምን አደርሽ፣ ዶክተር» አለ።

ይህ ቃል በቤታችን ማዕረግ ሆኖ አያውቅም። በክንፉ ማዶ ያለውን ዱካ አሳየሁትና እዚያ ተቀመጥ አልሁት። ተቀመጠ። ክንፉ የሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እሄድ ነበር ብዬ አሰብሁ፤ ግን ክንፉን የጀመርሁት እኔ ነኝ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ «ያዝ» እና «ያዢ» ከመባባል አላለፈም። በሦስተኛው ላይ ግን መርፌው ከተጠበቀው ቦታ ትንሽ ራቅ ብሎ ወጣበት።

«ዶክተር፣ ጎኔን ልትወጊኝ ነው እንዴ?» አለ ከማዶ። «እንደ ድሮው።»

«ድሮ መርፌ አልነበረኝም።»

«ምላስሽ ነበራ።»

መርፌውን መልሼ ሳብሁ። ከእኛ ጀርባ ቀለም ይቀባ የነበረው ባለ ሃንጋሩ አብራሪ፣ አማርኛ ባያውቅም፣ ሥራው በጥሩ መንፈስ እየሄደ መሆኑን ተናገረ።

በእረፍት ሰዓት ስለ አውሮፕላኑ ይጠይቀኝ ጀመር። እሱ የሚያውቀው ጄት ነው፤ ይህን የእንጨትና የጨርቅ ነገር እንደ ሕፃን አልጋ ነበር የሚያየው። እነዚህ አውሮፕላኖች ሆን ተብሎ እጅግ የተረጋጉ ሆነው መሠራታቸውን ነገርሁት፤ አብራሪው መሪውን ላላ አድርጎ ዙሪያውን ማየት እንዲችል። የገደላቸውም ይኸው መረጋጋት ነው። ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣባቸው ፈጥነው መታጠፍ አልቻሉም። ይህን ምዕራፍ ስጽፍ ስለ ራሴ አልጻፍሁም፤ እሱ ግን ቀና ብሎ አይቶኝ ሳንድዊቹን ቀጠለ። ወደ አገራችን መጀመሪያ የገባው አውሮፕላንም የዚሁ ዘር፣ ባለ ሁለት መቀመጫና ባለ ድርብ ክንፍ መሆኑን ስነግረው ማላመጡን አቆመ።

«እኔ እዚያው አየር ኃይል ውስጥ ኖሬ ይሄን አላውቅም። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«የመጨረሻው ምዕራፌ ላይ አለ።»

«እና አንድ ቀን አልነገርሽኝም።»

«አልጠየቅኸኝም።»

በየቅዳሜው፣ የቀኑን የመጨረሻ መስመር ስንሰፋ፣ ከማዶ «ላድርስሽ?» ይላል። «አይ፣ አትቸገር» እላለሁ። ሁለተኛ አይጠይቅም። እሱ ቤቱ እዚያው ዌስት ሴንት ፖል ነው፤ እኔ ሮበርት ስትሪት ላይ አውቶቡስ ጠብቄ፣ መሐል ከተማ ወርጄ፣ ባቡር ይዤ፣ በዩኒቨርሲቲ አቬኑ ሱቆች ፊት አልፌ፣ እንደገና አውቶቡስ ይዤ ሆፕኪንስ እገባለሁ። አንዴ ብቻ ጠይቆ ዝም ማለት በእኛ ዘንድ አለመጠየቅ መሆኑን እያሰብሁ ነበር የምሄደው።

በረዶው ቀልጦ እንዳበቃ ባለ ሃንጋሩ ወደ ክንፉ መጣ። የሙከራ በረራዎቹን በበጋ ብቻውን እንደሚጨርስ ነገረኝ። ከዚያ አውሮፕላኑ ተፈታትቶ በሌላ ስቴት ላለ የድሮ አውሮፕላኖች ሰብሳቢ ይሰጣል፤ ሰብሳቢው ከጣሪያ ያንጠለጥለዋል እንጂ አያበርረውም። ከመፈታቱ በፊት ግን አንድ ሰው ከፊት ወንበር ተቀምጦ አንድ ጊዜ ይበርራል።

«ወንበሩ ያንቺ ቢሆን ደስ ይለኛል» አለ።

ያንን ወንበር ምን ያህል እፈልገው እንደነበር በጥንቃቄ ልናገር። ለጀብድ አልነበረም፤ ከፍታ አልወድም። በሕይወቴ ካሰብሁት ሁሉ እውነተኛ ነው የምለው አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ትክክል ይሁን ስሕተት ሊታወቅ የሚችለው እዚያ ተቀምጦ ወደ ታች በማየት ብቻ ነው። እንዲህ ያለ አውሮፕላን በአካባቢዬ ሌላ አልነበረም፣ አይኖርምም።

«ከእኔ በላይ የሚገባቸው አሉ» አልሁት። «ለሌላ ሰው ይሁን።»

ይህን ለምን እንዳልሁ ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። የመጀመሪያው እምቢታ መልስ አይደለም፤ የመልስ ደጅ ነው። በሚኒሶታም ያለው ሥርዓት ከእኛው ብዙ አይርቅም፤ የዚህ አገር የገበሬ ልጆች የመጨረሻዋን ቁራጭ ኬክ በየተራ እኩል እየከፈሉ፣ ፍርፋሪ እስክትሆን ድረስ ማንም ሳይጨርሳት ሲቀሩ አይቻለሁ። ስለዚህ ያለሥጋት ሁለተኛውን ግብዣ ጠበቅሁ።

ባለ ሃንጋሩ ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ፤ ገባኝ አለ። ከዚያ ክንፉን ዞሮ ወደ ማዶ ሄደና ያንኑ ጥያቄ ለቀድሞ ባለቤቴ አቀረበለት።

«እሺ» አለ እሱ ወዲያው። «ደስ ይለኛል።»

ስሕተቴን ያወቅሁት ነርሷን ልጠይቃት በሄድሁ ጊዜ ነው። በኬክ ሦስቴ ይጠየቃል አለችኝ፤ በበረራ ግን አንዴ አልፈልግም ያለ ሰው ሁለተኛ አይጠየቅም። ተለምኖ የሚሳፈር ሰው አየር ላይ ይደነግጣል። አብራሪ የሆነ ሁሉ ይህን ያከብራል። እንግዲህ ጨዋነቴ ፍርሃት ተብሎ ተመዝግቦ፣ በሙሉ አክብሮት ከወንበሩ ላይ ተነሥቻለሁ ማለት ነው።

በተከታዩ ቅዳሜ ክሩን ከሚገባው በላይ ሳብሁ። ጨርቁ በእንጨቱ ጠርዝ ላይ ተቀደደ፤ ትንሽ፣ የአንድ ጥፍር ያህል።

«ዶክተር» አለ ከማዶ፣ በቀስታ፣ «ክንፉ ምን አደረገሽ?»

መስመሩን ፈታነው። ቀዳዳውን ጣፍነው። መጣፊያውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ጠርዞቹ ፍጹም ቀጥ ያሉ ነበሩ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቅዳሜዎች ከ«ያዝ» በቀር ምንም አላልሁትም። አንድ ጊዜ ተነሥቼ ወደ ባለ ሃንጋሩ ልሄድ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የሰጡትን መልሶ መጠየቅ እንደ ልመና ታየኝና ተቀመጥሁ። እሱም እንደ ወትሮው «ላድርስሽ?» ይላል፤ እኔም እምቢ እላለሁ።

የመጨረሻው ቋጠሮ የተቋጠረው በግንቦት ነው። መርፌውን በሰም መጥረጊያው ጨርቅ ላይ አኑሬ ልነሣ ስል፣ እሱ ክንፉን ዞሮ ወደ እኔ ወገን መጣ። በዚያ ሁሉ ሳምንት ወደዚያ ሲመጣ የመጀመሪያው ነበር። ዱካ ስቦ ተቀመጠ።

«የቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ትዝ ይልሻል?» አለ።

ያለ ናፍቆት ትዝ እንደሚለኝ ነገርሁት።

«ስኳር መጣ ሲባል ሰልፉ ቢረዝም፣ ድንጋይ አስቀምጠን ወደ ጉዳያችን እንሄድ አልነበር? ድንጋዩን ማንም አይነካውም። የእገሊት ቦታ ነው ይባላል።»

«እና?»

«እኔ ድንጋዩ ነኝ።»

እሱ እጁ ላይ የደረቀውን ሰም እየፋቀ ቀጠለ። እሱ እሺ ባይል ኖሮ ወንበሩ ወዲያው፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲጎመጅ ለነበረው፣ ሞተሩን ለሚገጥመው ለሌላው የሃንጋሩ ሰው ይሄድ እንደነበር ነገረኝ። እሱ ራሱ በክፍት አውሮፕላን መሄድ አይፈልግም፤ ነፋስ ጆሮውን ያመዋል። ይህን አውቅ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ስኖር በመኪና መስኮት ስንጣላ ኖረናል።

«እምቢታዬ ከልቤ እንዳልነበረ በምን አወቅህ?» አልሁት። «ፊቴን አላየህም።»

«መርፌው ቆመ።» ክንፉን በአውራ ጣቱ ጠቆመ። «ሰውየው ወንበሩ ያንቺ ይሁን ሲልሽ መርፌው መሐል ላይ ቆመ። እኔ ላድርስሽ ስልሽ አይቆምም፤ እየሰፋሽ ነው እምቢ የምትይኝ። ስለዚህ አልደግምም።»

መርፌውን አንሥቼ መልሼ አኖርሁት።

«ታዲያ ለምን ራስህ አትነግረውም?»

«ድንጋይ ስኳር አይገዛም፣ ዶክተር። ተራሽ ሲደርስ ራስሽ ትቆሚያለሽ።»

በትዳራችን ዘመን ድንጋይ ብዬው አውቃለሁ። ያንን ከማንሣቱ በፊት ፈጥኜ ተነሣሁ።

ባለ ሃንጋሩ በባልዲ ላይ አጎንብሶ ብሩሽ ያጥብ ነበር። ወደ እሱ ስሄድ መግቢያ የሚሆን ዓረፍተ ነገር ፈለግሁ፤ በሁለት ቋንቋ አጣሁ።

«ወንበሩን እፈልገዋለሁ» አልሁት።

ቀና አለ። «የፈራሽ መስሎኝ ነበር።»

«አልፈራሁም። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያውን ግብዣ መቀበል ነውር ነው።»

ብሩሹን በባልዲው ጠርዝ ላይ አራገፈ። «በእናቴ ቤትም እንደዚያው ነበር» አለ። «እናቴ ግን አውሮፕላን አልነበራትም።»

ከዚያ እጁን በጨርቅ አድርቆ ወደ ወንበሩ ወሰደኝና የምንግባባበትን ምልክት አሳየኝ። ሞተሩ ከተነሣ ከፊትና ከኋላ የተቀመጡ ሰዎች መደማመጥ አይችሉም። በጦርነቱም እንደዚሁ ነበር፤ በእጅ ምልክት፣ ትከሻ በመንካት፣ ወይም በብጣሽ ወረቀት ነው የሚነጋገሩት። ግራ እጄን አንሥቼ መዳፌን ካዘነበልሁ እሱ አውሮፕላኑን ያዘነብላል። መዳፌን ቀጥ ካደረግሁ ያቀናዋል።

በረራው የተደረገው ዛፎቹ መቅላት በጀመሩበት ጠዋት ነው። ነርሷም እጇ ድኖ መጥታ ነበር። የቀድሞ ባለቤቴ ነጭ ቫኑን ከሜዳው ጥግ አቁሞ አጠገቡ ቆመ። ወደ ወንበሩ ስወጣ በየትኛው እንጨት ላይ እንደሚረገጥ አውቅ ነበር፤ ስለ ቃኚዎች ጫማ የጻፍሁት የግርጌ ማስታወሻ አለ። ሞተሩ ምን ያህል ደረትን እንደሚያንቀጠቅጥ ግን በየትኛውም ምንጭ አላነበብሁም።

ወንዙን ተከትለን ወጣን። አውሮፕላኑ ቀና ብሎ እንደተረጋጋ፣ ለዓመታት ላደርገው የፈለግሁትን አደረግሁ። ቀጥታ ወደ ታች አየሁ።

ያየሁት ክንፍ ነው። የተወጠረው ጨርቅ፣ በእንጨቶቹ ላይ የተሰለፉት ቋጠሮዎች፣ በሦስተኛው እንጨት አጠገብም ያ ጠርዙ ቀጥ ያለ መጣፊያ። ከዚያ በታች ወንዝ ይሁን ከተማ ልነግራችሁ አልችልም። መሬት የለም። አንገቴን እስኪያመኝ ወደ ውጭ ሳወጣ ከክንፉ ፊት አንዲት ቀጭን ሰቅ መሬት ታየችኝ፤ እሷን በጽሑፌ አላስገባኋትም ነበር፤ ተሳስቻለሁ። በቀረው ግን ልክ ነበርሁ። ከነፋሱ የተነሣ እንባዬ ወደ ጆሮዬ ይፈስስ ነበር፤ መነጽሬ በደንብ አልተገጠመም።

ከዚያ ግራ እጄን አንሥቼ መዳፌን አዘነበልሁ።

ክንፉ እንደ በር ተከፈተ። ሚሲሲፒ ከነመታጠፊያው፣ ቡናማና ሰፊ፣ የእህል ጀልባዎች በላዩ፤ ከዚያ ወዲያ የሮበርት ስትሪት ጣሪያዎች፤ በሩቅ ሁለቱ መሐል ከተሞች፣ ከሴንት ፖል ወደ ሚኒያፖሊስ በሚወስደው መስመር ላይ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ይሆናል ያልሁት ረጅም ጭረት። ሜዳው ጥግ ላይ አንድ ነጭ ቫን፣ አጠገቡ እጁን ግንባሩ ላይ ያደረገ ሰው። መዳፌን አቀናሁ፤ ክንፉ ተዘጋ። እንደገና አነሣሁ፤ ተከፈተ። ከኋላዬ ያለው ሰው ምን እንደማይ አያውቅም፤ እኔም ፊቱን አላይም። በተጠየቀ ቁጥር ግን ያዘነብላል።

በጽሑፌ የጎደለው ይህ እንደነበር እዚያው ገባኝ። ቃኚው የሚያየው አውሮፕላኑ ሲያዘነብል ብቻ ነው ብዬ ነበር፤ አውሮፕላኑ በራሱ እንደሚያዘነብል አድርጌ። አያዘነብልም። እያንዳንዱ «አየሁ» ከኋላ ለተቀመጠው ሰው የቀረበ ጥያቄ አለበት። እነዚያ ሰዎች ጥይት እየተተኮሰባቸው ስንት ጊዜ እጃቸውን እንዳነሡ በዘገባዎቹ አልተጻፈም፤ ማንም ሊጽፈው የሚገባ ነገር ስላልመሰለው።

ምዕራፉን ከዚያች ቀጭን ሰቅ መሬት ጋር እንደገና እየጻፍሁት ነው። ለሌላ መጽሔት እልከዋለሁ። ገምጋሚው በዚህ ጊዜ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል።

ወርጄ የበረራ ቆቤን ሳወልቅ የቀድሞ ባለቤቴ ወደ እኔ መጣ።

«ታየሽ?» አለ።

«ሲያዘነብል ብቻ።»

«ስለዚህ ልክ ነበርሽ።»

«በአብዛኛው» አልሁ።

ይህን ቃል ከአፌ ሰምቶት የሚያውቅ አይመስለኝም። ክንፍ ስለሌለ የምንሰፋው የመጨረሻ መስመር አልነበረም፤ ስለዚህ «ላድርስሽ» የሚልበት ሰዓትም አልመጣም። ቁልፉን አውጥቶ ወደ ቫኑ መሄድ ጀመረ።

«ወደ ሆፕኪንስ ትወስደኛለህ?» አልሁት ከኋላው።

ቆመ። ዞረ። «ሆፕኪንስ መንገዴ አይደለም» አለ፣ የቫኑን በር ከፍቶ ከፊተኛው ወንበር ላይ ጃኬቱንና የምሳ ሣጥኑን እያነሣ።